ቀዳዳው ተደፈነ፤ የገባውስ ሰው ወጣ?

የካቲት 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። 125ኛው የአድዋ ድል በዓል ስለነበር መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ዋሉ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማም ከሳር ቤት እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ያሉት የአስመጪዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የፋብሪካዎች ቢሮዎች ጭር ብለው ነበር። የራሳቸው የኢሜይል ሰርቨር ያላቸው ግን ማሽኑን አጥፍተው አልሄዱም። ኢሜይል በዓልም ሆነ ሌሊት ይመጣልና ሰርቨሩ በርቶ፣ ለኢንተርኔቱም ክፍት ሆኖ አደረ።

በዚያው ዕለት ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ለተባለው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌሩ አስቸኳይ ፓች አወጣ። ኩባንያው የደኅንነት ማዘመኛዎቹን የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው። ያን ጊዜ ግን አንድ ሳምንት እንኳ መጠበቅ አልቻለም። ፓቹ አጥቂዎች አስቀድመው ይጠቀሙባቸው የነበሩ አራት ክፍተቶችን ይደፍናል። ከአራቱ ዋነኛው ሲቪኢ-2021-26855 የሚል መለያ የተሰጠው ሲሆን ባለሙያዎች ፕሮክሲሎጎን ይሉታል። ኤክስቼንጅ 2013፣ ኤክስቼንጅ 2016 እና ኤክስቼንጅ 2019 በሙሉ ተጋላጭ ነበሩ።

አምስት ዓመት ያለፈውን ነገር ዛሬ የማነሳው ያ ክፍተት ላፍቶ ውስጥ አንድ ሰርቨር ላይ ጥሎት የሄደውን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ሰርቨሩ ያለው ከላፍቶ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ስሙን ላልጠቅስ ተስማምተናል። ሰርቨር ሩም የሚሉት ክፍል ቀድሞ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ቦታ ነው፤ አንድ አጭር ራክ፣ ሁለት ዩፒኤስ፣ ግድግዳው ላይ ሳያቋርጥ የሚሠራ ኤሲ አለው። ዘንድሮ የተቀጠረው የአይቲ ባለሙያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ማሽኑን ሊፈትሽ ገብቷል። የድርጅቱ ባለቤት በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ለመጨረሻ ጊዜ አፕዴት የተደረገው መቼ እንደሆነ ያውቃሉ?»

«እኔ ምኑን አውቄው፣ ልጄ! በፊት የነበረው ልጅ ነበር የሚነካካው። ምነው፣ እየሠራ አይደል እንዴ?»

እየሠራ ነው። ደብዳቤ ይገባል፣ ይወጣል፤ ፕሮፎርማ ይመጣል፣ የባንክ ሰነድ ይሄዳል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም የጎደለው ነገር የለም። እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰርቨር ሳይነካ ዓመታት የሚቀመጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚሠራን ነገር ማን ይነካል?

ወጣቱ የኤክስቼንጅን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ቨርዥኑን ጠየቀ። 15.1፣ ቢልድ 2176.2 የሚል ቁጥር ወጣ። ኤክስቼንጅ 2016 ነው፤ አሥራ ዘጠነኛው ጥቅል ማዘመኛ ተጭኖበታል። ብዙዎች ምርመራቸውን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ስህተትም የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር የሚያሳየው ትልልቆቹን ጥቅል ማዘመኛዎች ብቻ ነው፤ ከእነሱ በላይ የሚጫኑት የደኅንነት ፓቾች አይታዩበትም። እነሱን ለማየት በኤክስቼንጅ ፎልደር ውስጥ ኤክስሴትአፕ የተባለውን ፋይል ቨርዥን መመልከት፣ ወይም ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠውን ሄልዝቼከር የተባለ ስክሪፕት ማስኬድ ያስፈልጋል። ወጣቱ ይህን ያውቃል። ፋይሉን አየው፤ 2176.9 ይላል።

«ጋሼ፣ የድሮው ልጅ ፓቹን ጭኖታል» አለ። የተጫነበት ቀን ማርች 17፣ 2021 ነው፤ በእኛ መጋቢት 8 ቀን 2013። ፓቹ በወጣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ማለት ነው። ባለቤቱ ፊታቸው ፈታ አለ። ወጣቱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

ለምን እንዳልተነሳ ለመረዳት አጥቂዎቹ እንዴት ይገቡ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤክስቼንጅ ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚሠራው። ከፊት ያለው ክፍል ከኢንተርኔት የሚመጣውን ጥያቄ በ443 ፖርት ይቀበላል፤ ከኋላ ያለው ክፍል የመልእክት ሳጥኖቹን ይዞ ዋናውን ሥራ ይሠራል። የፊተኛው ጥያቄውን ተቀብሎ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ አጣርቶ ለኋለኛው ያስተላልፋል። ሲያስተላልፍ የሚቀርበው በራሱ በሰርቨሩ ማንነትና ሥልጣን ነው፤ የኋለኛውም ክፍል የፊተኛውን ያምነዋል። ክፍተቱ ያለው እዚህ መተማመን ላይ ነው። ጥያቄው ይዞት በሚመጣው ኩኪ ውስጥ ወደየትኛው የኋላ ሰርቨር መተላለፍ እንዳለበት የሚነግር መስክ አለ። የፊተኛው ክፍል ያንን አድራሻ ማን እንደጻፈው ሳያጣራ ይቀበለው ነበር። ስለዚህ ስምና ፓስወርድ የሌለው ሰው አድራሻውን እንደፈለገ ጽፎ ሲልክ፣ ሰርቨሩ ጥያቄውን በገዛ ሥልጣኑ ተሸክሞለት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የግቢ ዘበኛ የማያውቀውን ሰው «ባለቤቱ ልከውኝ ነው» ስላለው ብቻ እጁን ይዞ እስከ መኝታ ክፍል ቢያደርሰው፣ የቤቱም ሰዎች ከዘበኛው ጋር ስለመጣ ማንነቱን ባይጠይቁት እንደማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ አጥቂው የሚያስፈልገው የአንድ ሠራተኛ የኢሜይል አድራሻ ነው። እሱ ደግሞ በቢዝነስ ካርድ ላይ፣ በጨረታ ማስታወቂያ ላይ ታትሞ ይገኛል። ከዚያ ተነስቶ ራሱን የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ያስመስላል። ቀጥሎ ሲቪኢ-2021-27065 የተባለው ሌላው ክፍተት ይመጣል፤ ይህኛው በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ባሻው ቦታ ፋይል እንዲጽፍ ያስችለዋል። የኤክስቼንጅ የአድራሻ ዝርዝር ከሰርቨሩ ለሠራተኞች ኮምፒዩተር የሚወርድበት ሴቲንግ አለ፤ በውስጡም የድረ ገጽ አድራሻ የሚሞላበት ቦታ። አጥቂው እዚያ ቦታ ላይ አድራሻ መስሎ የሚታይ አንድ መስመር ኮድ ያስገባል። ሴቲንጉ ወደ ፋይል እንዲገለበጥ ያዝዛል፤ ፋይሉም ከኢንተርኔት ሊጠራ በሚችል ፎልደር ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ፋይል ዌብሼል ይባላል። ፋይሉ ከተቀመጠ በኋላ አጥቂው ክፍተቱን አይፈልገውም። ፋይሉን በፈለገ ሰዓት ከሩቅ ጠርቶ ሰርቨሩን ያዘዋል።

ይህችን የመጨረሻ ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ፓቹ የሚደፍነው ክፍተቱን ነው። ከፓቹ በፊት የተቀመጠውን ፋይል አያጠፋም፤ መኖሩንም አይናገርም።

ወጣቱ ያልተነሳው ለዚህ ነው። በሲ ድራይቭ፣ የዊንዶውስ የድር አገልግሎት ፋይሎቹን በሚያስቀምጥበት ፎልደር ገብቶ አስፕኔት ክላየንት የሚለውን ከፈተ። ንጹሕ በሆነ የኢሜይል ሰርቨር ላይ እዚህ ፎልደር ውስጥ ኤኤስፒኤክስ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል መኖር የለበትም። አንድ አለ። ስሙ ትርጉም የሌላቸው ስምንት ፊደላት ናቸው፤ መጠኑ ሁለት ኪሎባይት ገደማ፤ የተፈጠረበት ቀን ማርች 6፣ 2021 ይላል። የካቲት 27 ቀን 2013፣ ቅዳሜ፤ ፓቹ ከመጫኑ አሥራ አንድ ቀን በፊት።

ፋይሉን በኖትፓድ ከፈተው። ከላይ እስከ ታች ሰርቨሩ ራሱ የጻፈው የሴቲንግ ዝርዝር ነው፤ የሰርቨሩ ስም፣ የፎልደሩ ቦታ፣ የተፈጠረበት ሰዓት፣ አንዱም የሚያስደነግጥ አይደለም። ወደ ታች ወረድ ሲል የውጭ አድራሻ ከሚለው መስመር ፊት ለፊት አድራሻ የሚመስል ነገር ይጀምርና ወዲያው ወደ ስክሪፕት ይለወጣል። ከዝርዝሩ ሁሉ ይህች አንዲት መስመር ብቻ ናት የእንግዳ እጅ ያለባት። ዓይን ቶሎ ያልፋታል። አምስት ዓመት ሙሉ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ክፍተቱን አስቀድሞ አግኝቶ ያሳወቀው በታይዋኑ ዴቭኮር ኩባንያ የሚሠራው፣ ኦሬንጅ ሳይ በሚል ስም የሚታወቀው ተመራማሪ ነው። ለማይክሮሶፍት የጻፈው ታኅሣሥ 27 ቀን 2013፣ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ቮሌክሲቲ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ድርጅት ግን ሌሎች ሰዎች በዚሁ ክፍተት ከታኅሣሥ 25 ጀምሮ ይገቡ እንደነበር በምርመራው ደርሶበታል። ፓቹ እስኪወጣ ሁለት ወር አለፈ፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ለተጠቃ ሰው ወቀሳ አይገባውም። ማይክሮሶፍት ድርጊቱን መጀመሪያ ያያያዘው ሃፍኒየም ብሎ ከሰየመውና ከቻይና መንግሥት ጋር ግንኙነት አለው ካለው ቡድን ጋር ነው። አሜሪካና አጋሮቿ በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ቻይናን በይፋ ከሰሱ፤ ቻይና ክሱን አልተቀበለችም።

ፓቹ ይፋ ሲሆን ነገሩ ተባባሰ። ፓች በወጣ ቁጥር ሌሎች አጥቂዎች አሮጌውንና አዲሱን ኮድ አነጻጽረው ምን እንደተደፈነ ያውቃሉ፤ ካልደፈኑት ሰዎች ለመድረስም ይሽቀዳደማሉ። ማይክሮሶፍት በጠቀሰው መረጃ መሠረት በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን በዓለም ላይ ወደ 400,000 የሚጠጉ የኤክስቼንጅ ሰርቨሮች ነበሩ፤ በማርች 12 ገና ያልተደፈኑት 82,000 ያህል ነበሩ። ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ ኩባንያ በዚያው ሰሞን ከአሥር በላይ ቡድኖች ክፍተቱን እየተጠቀሙበት መሆኑን፣ ዌብሼል ያረፈባቸውንም ከ115 በላይ በሆኑ አገሮች የሚገኙ ከ5,000 በላይ ሰርቨሮች ማየቱን አስታወቀ።

«እኛን ግን ማን ይፈልገናል?» አሉ ባለቤቱ። «ፍሬንና ፍሪሲዮን የምንሸጥ ሰዎች ነን።»

ይህን ጥያቄ በየቢሮው እሰማዋለሁ፤ ከልብ የሚጠየቅም ስለሆነ መልስ ይገባዋል። አንደኛው መልስ አጥቂው ማንንም ለይቶ አይፈልግም የሚል ነው። የኢንተርኔትን አድራሻዎች በሙሉ በፕሮግራም ይዳስሳል፤ ኤክስቼንጅ ሆኖ ለመለሰለት ሁሉ ኮዱን ይልካል፤ ዌብሼሉ ያረፈበትን ይመዘግባል። ማን እንደሆነ የሚያየው በኋላ ነው። ሁለተኛው መልስ ኢትዮጵያ በስም የተጠራችበት ነው። ካስፐርስኪ መስከረም 20 ቀን 2014 ባወጣው ሪፖርት ጎስትኤምፐረር ስላለው የሥውር ስለላ ቡድን ዘርዝሯል። ዋነኞቹ ዒላማዎች በማሌዢያ፣ በታይላንድ፣ በቬትናምና በኢንዶኔዢያ ያሉ ከፍተኛ ተቋማት ናቸው፤ ከእነሱ ውጪ የተጠቀሱት ሦስት አገሮች ግብፅ፣ አፍጋኒስታንና ኢትዮጵያ ናቸው። ቡድኑ በአብዛኛው ይገባ የነበረው ለኢንተርኔት ክፍት በሆኑ ሰርቨሮች በኩል ሲሆን፣ አንደኛው ጥቃት በኤክስቼንጅ ሰርቨር ላይ የተፈጸመው የካቲት 25 ቀን 2013 ነበር። ፓቹ በወጣ በሁለተኛው ቀን! ያ ሰርቨር በየትኛው አገር እንደነበር ሪፖርቱ አይናገርም። እኛ በዓሉን ጨርሰን ወደ ቢሮ በተመለስንበት ሳምንት ግን ሌላው ሰው ሥራውን ጀምሮ ነበር።

ለአስመጪ ደግሞ ሦስተኛ መልስ አለ፤ እሱን የተናገሩት የድርጅቱ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ስለ ፋይሉ ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «በ2014 የሆነውን ታስታውሳለህ?» አሉ ወደ ባለቤቱ ዞረው። ከጓንግዡ ዕቃ የሚልክላቸው ነጋዴ፣ የባንክ አካውንታችን ተቀይሯል፣ ቀሪውን ክፍያ በአዲሱ ላኩ የሚል ኢሜይል ጽፎ ነበር። የመጣው ከነባሩ የደብዳቤ ልውውጥ ሥር ነው። የፕሮፎርማው ቁጥር ልክ ነው፤ የገንዘቡ መጠን እስከ ሳንቲሙ ልክ ነው። «ልቤ አልቀበለው አለና ዊቻት ላይ ደወልኩላቸው፤ ኧረ እኛ ምንም አልቀየርንም አሉኝ።» ገንዘቡ ተረፈ። ያ ኢሜይል ከዚህ ፋይል ጋር ይገናኝ ይሆን? ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግብባቸው ሎጎች ቢኖሩ መልሱ ይገኝ ነበር። የሉም። ሲ ድራይቭ ሲሞላ ኤክስቼንጅ ኢሜይል መቀበል ያቆማል፤ የቀድሞው ባለሙያ ዲስኩ በሞላ ቁጥር ቦታ ለማስለቀቅ አሮጌ ሎጎችን ያጠፋ እንደነበር ከተወው ማስታወሻ ታየ። ሌላ ዲስክ ቢገዛለት ኖሮ አያጠፋም ነበር።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገኝ የሚደረገውን ወጣቱ በደንብ ያውቃል፤ ለባለቤቱም የነገራቸው እዚያው ቆሞ ነው። እኔ ደግሞ ለሌሎች እንዲጠቅም ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ፋይሉን አይቶ ወዲያው መሰረዝ የመጀመሪያው ስህተት ነው። በቅድሚያ ሰርቨሩ ከኢንተርኔት ይነቀላል። ማሽኑ ግን አይጠፋም፤ በሜሞሪው ውስጥ ያለ ማስረጃ አብሮ ይጠፋልና። የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፤ የተረፉ ሎጎች ካሉ ይሰበሰባሉ። ማይክሮሶፍት ለዚህ ክፍተት ብሎ ያዘጋጀው ቴስት-ፕሮክሲሎጎን የተባለ ስክሪፕት ሎጎቹን አንብቦ የጥቃቱን ምልክት ይፈልጋል። ያኔ ዌብሼል ብቻ አይፈለግም፤ በጊዜ ቀጠሮ የሚነሱ ሥራዎች፣ ማንም የማያውቃቸው የአስተዳዳሪ አካውንቶች፣ በሠራተኞች የመልእክት ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ የማስተላለፊያ ደንቦች ሁሉ ይታያሉ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፕሮፎርማ ወይም ክፍያ የሚል ቃል ያለበት ኢሜይል ሁሉ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲገለበጥ የሚያዝ ደንብ አንዴ ከተቀመጠ፣ ፓስወርድ ቢቀየርም መሥራቱን አያቆምም።

ቀጥሎ ፓስወርዶች ናቸው። ኤክስቼንጅ የሠራተኞች አካውንቶች በሚተዳደሩበት የድርጅቱ ዶሜይን ላይ ሰፊ ሥልጣን ያለው ማሽን ስለሆነ፣ እሱን የያዘ ሰው የሁሉንም ሠራተኛ ፓስወርድ አሻራ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም ይቀየራል። ዶሜይኑ የመግቢያ ትኬቶችን የሚፈርምበት ኬአርቢቲጂቲ የተባለው አካውንትም ሁለት ጊዜ፣ በመሃል ሰዓታት ተሰጥቶ ይቀየራል። ሁለት ጊዜ የሚሆነው ዶሜይኑ የቀድሞውንም ፓስወርድ ስለሚያስታውስ ነው።

ሰርቨሩስ? የእኔ አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎችም የሚስማሙበት ነው። ዌብሼል አምስት ዓመት የተቀመጠበት ማሽን አይጸዳም፣ ይተካል። አዲስ ዊንዶውስ፣ አዲስ ኤክስቼንጅ ተጭኖ የመልእክት ሳጥኖቹ ብቻ ይዛወራሉ። አንድ ፋይል ስላገኘን ያለው እሱ ብቻ ነው ብሎ ማመን አይቻልም። ጎስትኤምፐረር ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጠው የነበረው ዲሞዴክስ የተባለው ፕሮግራም የዊንዶውስ ልብ ውስጥ ገብቶ ራሱን ይደብቅ ነበር፤ ፎልደር በመክፈት የሚገኝ ነገር አይደለም።

ዌብሼሉ ሳይነካ መቅረቱ የላፍቶ ችግር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ሚያዝያ 5 ቀን 2013 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር፣ ኤፍቢአይ ከቴክሳስ ፍርድ ቤት ፈቃድ አግኝቶ በመቶዎች በሚቆጠሩ የአሜሪካ ሰርቨሮች ላይ የቀሩ ዌብሼሎችን ራሱ እየገባ መሰረዙን አስታወቀ። ባለቤቶቹ ወይ አላወቁም፣ ወይ ማጥፋት አልቻሉም ነበር። ኤፍቢአይም ቢሆን ፓች አልጫነላቸውም፤ ሌላ የተቀመጠ ነገር ካለም አልፈለገላቸውም። ላፍቶ ላለ ሰርቨር ያን ያህሉን እንኳ የሚያደርግለት የለም። ባለቤቱ ራሱ ነው ያለው።

የቀድሞው ባለሙያ ፓቹን በትክክል ጭኖት ነበር፤ ይህን ልመሰክርለት እወዳለሁ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ማይክሮሶፍት ያኔ እንዳስጠነቀቀው ፓቹን ፋይሉ ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጎ የጫነ ሰው፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ካላስጀመረው፣ አንዳንድ ፋይሎች ሳይለወጡ ይቀራሉ፤ የስህተት መልእክትም አይወጣም። ተጫነ ይላል፣ ክፍተቱ ግን አለ። ከፓቹ በፊት ደግሞ ጥቅል ማዘመኛው መጫን አለበት፤ እሱ 6 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በደከመ መስመር ሌሊቱን ሙሉ ይወርዳል። መጫን ሲጀምር የኤክስቼንጅን አገልግሎቶች አንድ በአንድ ያቆማቸዋል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደና ዩፒኤሱ ካልቻለ አገልግሎቶቹ እንደታገዱ ይቀራሉ። ጠዋት ኢሜይል የለም። የዚህን ፍርሃት ምንነት የሚያውቀው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆሞ የሚያውቅ የአይቲ ባለሙያ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከተቆጡት በኋላ ሰርቨሩን ሁለተኛ አይነካውም። ይህኛውም ሰርቨር ከመጋቢት 2013 በኋላ አልተነካም። ፕሮክሲሼል የተባሉትን ቀጣዮቹን ክፍተቶች የሚደፍኑት ፓቾች የወጡት ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ወራት ነው፤ አንዳቸውም የሉበትም።

ገንዘቡም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፈቃድም ሆነ ደመና ላይ ያለ ኢሜይል የሚከፈለው በዶላር ነው። ይህን አቅልዬ አላየውም። ኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፋቸው አብቅቷል። ከእንግዲህ ማይክሮሶፍት በራስ ግቢ ለሚቀመጥ ሰርቨር የሚያቀርበው በ2017 መጨረሻ ያወጣውንና በደንበኝነት ክፍያ የሚሠራውን አዲሱን ኤክስቼንጅ ነው። ከ2019 ወደ እሱ እዚያው ማሽን ላይ መሸጋገር ይቻላል፤ 2016 ያለው ግን አዲስ ሰርቨር አቁሞ ማዛወር አለበት። ይህን መክፈል የማይችል ድርጅት የራሱን ሰርቨር ቢተወው ይሻለዋል። ሦስትና አራት ሠራተኛ ላለው ቢሮ የኢሜይል ሰርቨር በጓዳ ማስቀመጥ ዛሬ ጥቅሙ አይታየኝም።

ኤክስቼንጅ የማይጠቀሙት እፎይ እንዳይሉ አንድ ቃል ልጨምር። ከድር አስተናጋጅ ድርጅቶች በርካሽ የሚገዛው ኢሜይል ብዙውን ጊዜ ኤግዚም በሚባል ሶፍትዌር ይሠራል፤ ሠራተኞች የሚያዩት ገጽ ደግሞ ራውንድኪዩብ ነው። በ2011 ግንቦት መጨረሻ ይፋ የሆነው የኤግዚም ክፍተት ከ4.87 እስከ 4.91 ያሉትን ቨርዥኖች ነክቷል፤ መፍትሔው በ4.92 አስቀድሞ ወጥቶ ሳለ የሩሲያ ወታደራዊ መረጃ ሰዎች ለወራት ተጠቅመውበታል። በ2017 ግንቦት ራውንድኪዩብ ላይ አሥር ዓመት ሳይታይ የቆየ ክፍተት ተገኝቶ በ1.6.11 ተደፈነ። ሰርቨሩ የሌላ ሰው ከሆነ ቨርዥኑን የሚጠይቀው ደንበኛው ነው። ዚምብራ የተባለውን የኢሜይል ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ተቋማትም ቨርዥናቸውን ይፈትሹ።

ጉዳት ሲደርስ ዝም ማለት በሕግም አያዋጣም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎችና የመንግሥት አካላት በሚያስተዳድሩት ሥርዓት ላይ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ፣ ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ለሚባለው ተቋም እንዲያሳውቁና ለፖሊስ እንዲያመለክቱ ያስገድዳል። በአስተዳደሩ ሥር ያለው ኢትዮ-ሰርት የሚባለው ቡድን ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ጥቃት ምላሽ እንዲሰጥ የተቋቋመ ነው። የግል ድርጅት ግዴታ ባይኖርበት እንኳ ቢነግር የሚጠቀመው ራሱ ነው፤ ተመሳሳይ ፋይል ሌላ ሦስት ቢሮ ውስጥ መኖሩን ሊያውቅ የሚችለው የሁሉንም የሚሰማ አካል ነውና።

የላፍቶው ድርጅት ሰርቨሩን ያን ዕለት ማታ ከኢንተርኔት ነቀለው። ለጊዜው በተከራዩት አገልግሎት ላይ እየሠሩ ነው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ፓስወርድ ቀይረዋል፤ ለቻይና ነጋዴዎቻቸውም የባንክ አካውንት ለውጥ በኢሜይል ብቻ እንደማይቀበሉ ጽፈዋል። ዲስኩ ተገልብጦ ተቀምጧል።

የድርጅት ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች፣ ይህ ጉዳይ የአይቲው ልጅ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እለምናችኋለሁ። ሰኞ ስትገቡ የኢሜይል ሰርቨራችን የትኛው ነው፣ የመጨረሻው የደኅንነት ፓች መቼ ተጫነ፣ ከፓቹ በፊት የገባ ሰው እንዳለ ማን ፈትሿል ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «አላውቅም» ከሆነ አትቆጡት። ለሎግ ማስቀመጫ ዲስክ ግዙለት፤ ጄኔሬተሩን አዘጋጁለት፤ ኢሜይል የሚቋረጥበት አንድ የቅዳሜ ሌሊትም በጽሑፍ ፍቀዱለት።